በጥቂት ገንዘብ የጊታር ማጉያና ፔዳል ስለ መምረጥ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ማጉያና ስለ ፔዳል ጥቂት እንድናገር በታዘዝኩ ጊዜ አስቀድሞ ትዝ ያለኝ አንድ ወጣት ነው። ባለፈው ክረምት ዝናብ እየመታው ወደ ቤቴ መጣ። በጀርባው ጊታሩን አዝሏል፤ በእጁ ደግሞ በራሱ እጅ የሠራትን የእንጨት ሣጥን ይዟል። ሣጥኗን ሲከፍታት ሰባት ፔዳሎች በተርታ ተደርድረው ታዩኝ። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ሁሉም የሚያምሩ ነበሩ። «ጋሼ፣ ድምፄ አሁንም አልጣመኝም፤ ስምንተኛው የትኛው ይሁን?» ሲል ጠየቀኝ። «ማጉያህስ?» ብለው ከጓደኛው በውሰት ያገኛት፣ ስፒከሯ ከሻይ ማቅረቢያ ሳህን የማይበልጥ አንዲት ትንሽ ሣጥን መሆኗን ነገረኝ። የሁለት ዓመት ቁጠባው በሰባቱ ፔዳሎች ላይ ዐልቆ ነበር።

ይህን ወጣት ለመውቀስ አልደፍርም። ፔዳል ትንሽ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ከሸሚዝና ከጫማ መካከል ሸጉጦ ያመጣዋል። ማጉያ ግን ይከብዳል፤ የአውሮፕላኑ የሻንጣ ሚዛን አይፈቅደውም፤ ቀረጡም ያስፈራል። ስለዚህ ገንዘባችን ሳይታወቀን ወደሚቀለው ዕቃ ይፈስሳል። በዚህም ላይ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ስላለፈ፣ በአንድ ዕቃ ምርጫ ላይ የምንፈጽመው ስሕተት ከቀድሞው ዕጥፍ ያስከፍለናል።

እንግዲህ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ገንዘቡ ጥቂት በሆነ መጠን ስፒከሩና ማጉያው ይቀድማሉ፤ የኤሌክትሪኩ ደኅንነት ይከተላል፤ ፔዳል ከሁሉም በኋላ ይመጣል። ርካሽ ፔዳል ብዙ ጊዜ በደኅና ያገለግላል፤ ርካሽ ስፒከር ግን በምንም መንገድ አይታረምም። ምክንያቱን በተቻለኝ መጠን እዘረዝራለሁ።

ክራር ቆዳ የለበሰ ገላ ስላለው ክሩ ሲመታ ድምፁ ከዚያው ከገላው ይወጣል። ማሲንቆም እንደዚሁ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ገላው ድፍን እንጨት ነው። ከክሮቹ ሥር ያሉት መግነጢስና በዙሪያው የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ የክሩን ንዝረት ወደ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጡታል እንጂ ለጆሮ የሚበቃ ድምፅ አይሰጡም። ያ ደካማ ሞገድ በማጉያው የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ከፍ ይላል፤ ቀጭኑና ወፍራሙ ድምፅ እንደ ተጫዋቹ ፈቃድ ይመጠናል፤ ከዚያም በኃይል ሰጪው ክፍል ጉልበት አግኝቶ የስፒከሩን ወረቀት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ጊታር ቆዳና ገላ ማጉያው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ቆዳው የላላ ክራር ላይ የክር ዓይነት ቢለዋውጡ ድምፁ እንደማይቃና ሁሉ፣ ከክፉ ስፒከር ፊት ፔዳል ቢደረድሩም ለውጥ አይገኝም።

የጊታር ስፒከር ከዘፈን ማሰሚያ ስፒከር በጠባዩ ይለያል። የጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የጊታር ስፒከር ከዚህ አካባቢ አንሥቶ እስከ 5,000 ንዝረት ገደማ ያለውን ድምፅ አጉልቶ ከዚያ በላይ ያለውን እያዳከመ ይሄዳል። ይህ እንደ ጉድለት ሊቈጠር ይችላል፤ ነገር ግን ጊታር ሲሻክር የሚፈጠረውን ጆሮ የሚወጋ የላይኛ ጩኸት የሚያጣራው ይኸው ነው። አንዳንድ ወንድሞቻችን የሻካራ ድምፅ ፔዳላቸውን በቀጥታ ወደ ሚክሰር አስገብተው በሞንታርቦ ሲያሰሙት እንደ ተነካ የንብ ቀፎ የሚጮኸው ሞንታርቦው ያን ሁሉ የላይኛ ድምፅ ሳይቀንስ ስለሚያወጣው ነው። በሠርግም ሆነ በአዳራሽ ያለ ማጉያ በቀጥታ ለመጫወት የሚገደድ ሰው የጊታር ስፒከርን ጠባይ የሚመስል ማጣሪያ ያለው መሣሪያ በመካከል ማስገባት አለበት። ዛሬ ብዙዎቹ ባለ ብዙ ድምፅ ዲጂታል ፔዳሎች ይህን ማጣሪያ በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ።

አሁን ወደ ዋት ልምጣ፤ ገዢዎች አብዝተው የሚታለሉት በዚህ ቍጥር ነውና። የ100 ዋት ማጉያ የ10 ዋቱን ዐሥር ጊዜ ዕጥፍ የሚጮኽ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሰው ጆሮ ግን እንዲህ አይቈጥርም። ከ10 ዋት ወደ 100 ዋት ስንወጣ ድምፁ ለጆሯችን ዕጥፍ ገደማ ሆኖ ይሰማናል፤ ዋቱን ዕጥፍ ብናደርገው የምናገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም የሚሰማ ቢሆን መጠነኛ ነው። በአንጻሩ የስፒከሩ ትጋት ሲጨምር ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ሁለት ስፒከሮች በ1 ዋት ኃይል፣ በ1 ሜትር ርቀት ተለክተው አንደኛው 97፣ ሁለተኛው 100 ዴሲቤል ቢሰጡ፣ ሁለተኛው በ25 ዋት የሚያሰማው ድምፅ አንደኛው በ50 ዋት ከሚያሰማው ጋር እኩል ነው። እንግዲህ በደኅና ስፒከር ላይ የዋለ ገንዘብ ትልቅ ማጉያ ከመግዛት ያድናል ማለት ነው። ይህ ቍጥር በስፒከሩ መግለጫ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ሻጩ ባይነግራችሁም ጠይቁት።

በቤት ውስጥ ለመለማመድ ከ10 እስከ 20 ዋት ያለው፣ ስፒከሩ 8 ወይም 10 ኢንች የሆነ ማጉያ ይበቃል። ከከበሮ መቺ ጋር በምሽት ክበብ ለሚሠራ ሰው ግን ባለ 12 ኢንች ስፒከርና ወደ 50 ዋት የሚጠጋ የትራንዚስተር ማጉያ አስፈላጊ ነው። በቫልቭ የሚሠራ ሲሆን ከ15 እስከ 20 ዋት ያለውም ለዚሁ አገልግሎት ይበቃል፤ ቫልቭ ከዐቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ቀስ ብሎ ስለሚሻክር ተጫዋቹ ሳይሳቀቅ እስከ መጨረሻው ሊያወጣው ይችላል። ትራንዚስተር ግን ዐቅሙ ሲያልቅ በድንገት ይቈርጠዋል፤ ያም አይጥምም።

ይህን ካልኩ በኋላ «ታዲያ ቫልቭ እንግዛን?» የሚል እንደሚኖር ዐውቃለሁ። የቫልቭን ድምፅ እወዳለሁ፤ ለጥቂት ገንዘብ ግን አልመክረውም። ቫልቭ እንደ አምፖል የሚያልቅ ዕቃ ነው። ዛሬ ለጊታር ማጉያ የሚሆን ቫልቭ የሚሠራው በዋናነት በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ባሉ ጥቂት ፋብሪካዎች ነው፤ አንዱ ቫልቭ ቅዳሜ ማታ ቢሞት ሰኞ ጠዋት መርካቶ ሄደን የምንተካው አይደለም። በውስጡም ከ300 ቮልት በላይ የሚደርስ ኃይል አለ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ተከማችቶ ሊቈይ ስለሚችል ያልሠለጠነ ሰው ሊከፍተው አይገባም። ስፒከሩም ሳይገናኝ የቫልቭ ማጉያን ማስነሣት ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

የትራንዚስተር ማጉያ ደግሞ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120 የተባለው እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ የትራንዚስተር ማጉያ ነው፤ በጥራቱና በንጹሕ ድምፁ ለዐሥርት ዓመታት በዓለም መድረኮች ላይ ኖሯል። የእኛ ዜማ ክር በክር የሚነጠል፣ ጌጡ በጣት የሚሠራ ስለሆነ ንጹሕ ድምፅ ይስማማዋል። በቅርብ ዓመታት የመጡት ዲጂታል ማጉያዎችም ለኪሳችን የሚመቹ ናቸው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ የቀረበው ቦስ ካታና ባለ 50 ዋቱ በ0.5፣ በ25 እና በ50 ዋት ልክ እንዲሠራ መቀየሪያ አለው፤ በሌሊት ጎረቤት ሳይረበሽ ይለማመዱበታል፤ ማታ በክበብ ይሠሩበታል፤ የተለያዩ የፔዳል ድምፆችም በውስጡ አሉ። ይህን የምለው ለአንድ ኩባንያ ለመሸጥ አይደለም፤ ተመሳሳይ የሆኑ የሌሎችም አሉ። አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ዲጂታል ማጉያ የገዛ ሰው የፔዳል ግዢውን አንድ ዓመት ሊያዘገይ እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ያገለገለ ማጉያ ለመግዛት የሚሄድ ሰው የራሱን ጊታርና የራሱን ገመድ ይዞ ይሂድ። ጊታሩን ሳይሰካ ማጉያውን አስነሥቶ ያዳምጥ፤ መጠነኛ ሹክሹክታ ደንብ ነው፤ ወፍራም እምምታ ካለ ግን የኃይል መስጫው ካፓሲተሮች አርጅተው ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ቁልፍ ከዳር እስከ ዳር ያዙረው፤ መንኮሻኮሽ ብቻ ከሆነ አቧራ ነውና በመጽጃ ፈሳሽ ይድናል፤ ዋጋ ለማስቀነስም ይጠቅማል። ከዚያ ወፍራሙን ክር ከፍ ባለ ድምፅ እየመታ ስፒከሩ ይንጣጣ ወይም ይፍጨረጨር እንደሆነ ይስማ፤ የተቀደደ ወይም ጥቅልሉ የተነካ ስፒከር በዚህ ይታወቃል። ሻጩ ቢቸኩልም ግማሽ ሰዓት ይጫወትበት። ሲሞቅ የሚጠፋ ማጉያ ሳይሞቅ ጤነኛ ይመስላል። በመጨረሻም ጀርባውን አዙሮ በብረቱ ላይ የተጻፈውን ያንብብ።

ይህን የመጨረሻውን ምክር ያገኘሁት በራሴ ገንዘብ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ከአገር ሊወጣ ከነበረ አንድ ሙዚቀኛ አንድ የአሜሪካ ማጉያ ገዛሁ። ለግዢው ያዋልኩት በሆቴል ከተጫወትኩበት የአራት ወር ደመወዝ ያጠራቀምኩትን ነው። ማጉያውን በሻጩ ቤት ስሰማው አንድ ከባድ ሣጥን ከአጠገቡ ነበረ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ቤቴ ወስጄ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። መብራቱ ከተለመደው በላይ ደምቆ በራ፤ ጥቂት ጮኸ፤ ወዲያው የተቃጠለ ቀለም ሽታ ክፍሉን ሞላው። ማጉያው የ120 ቮልት ነበር፤ ያ ከባድ ሣጥን ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ኖሯል። ፊውዙ ሊያድነው በተገባ ነበር፤ ነገር ግን ስከፍተው ቀድሞ የነበረ አንድ ባለቤት የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ የብር ወረቀት ጠቅልሎት አገኘሁ። እንዲህ ያለውን ጥገና ሁላችንም አይተናል፤ አንዳንዶቻችንም ሠርተነዋል። የማጉያው ጀርባ ላይ 120 የሚለው ቍጥር በጉልህ ተጽፎ ነበር። ጥፋቱ ከእኔ በቀር የማንም አልነበረም።

የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ጊዜ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ዘመዶቻችን በፍቅር የሚልኩልን ማጉያ ስለዚህ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ትራንስፎርመር ስንገዛ የምንለካው ማጉያው ለድምፅ የሚሰጠውን ዋት ሳይሆን ከግድግዳ የሚስበውን ነው። ባለ 50 ዋት የቫልቭ ማጉያ ከ150 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። የሚስበውም ቍጥር በጀርባው ተጽፏል፤ ትራንስፎርመሩ ቢያንስ የዚያ አንድ ተኩል ዕጥፍ፣ ቢቻል ሁለት ዕጥፍ ቢሆን ይመረጣል። በዚህም ቢሆን ምልልሱ 50 ሆኖ ስለሚቀር ለ60 ብቻ የተሠራ የማጉያ ትራንስፎርመር ከወትሮው የበለጠ ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ ዘመድ ከመግዛቱ በፊት ብንጽፍለት፣ 230 ቮልት የሚቀበለውን ዓይነት እንዲፈልግልን ብንነግረው የተሻለ ነው። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣው ቮልቱ ከእኛ ጋር ይስማማል፤ የዱባዩ መሰኪያ ግን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ መቀየሪያ ያሻዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊትም ዕቃን ይጎዳል፤ መብራት ሲጠፋ ማጉያውን አጥፍቶ መንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ከሶኬቱ የመሬት መስመር ጋር በተያያዘ ያለው ጉዳይ ግን ከገንዘብ በላይ ነው። እምምታ ለማጥፋት ወይም ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ውስጥ ለማስገባት ብለው ሦስተኛውን ጥርስ የሚቈርጡ ሙዚቀኞች አይቻለሁ። ጊታር ተጫዋች ሲዘፍን እጁ በክሮቹ፣ ከንፈሩ በማይክሮፎኑ ላይ ነው፤ ከሁለቱ አንደኛው መሬት ያልያዘ ሆኖ ኤሌክትሪክ ካፈሰሰ መንገዱ በልቡ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሌስሊ ሃርቪ የተባለው የስኮትላንድ ጊታሪስት፣ የስቶን ዘ ክሮውስ ቡድን አባል፣ በዌልስ በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ በትክክል መሬት ያልያዘ ማይክሮፎን ነክቶ በኤሌክትሪክ ሞቷል። ማይክሮፎን ከንፈራችሁን ቢወጋችሁ ሥራውን አቁማችሁ መስመሩን አስመርምሩ። የክበቡ ባለቤት ቢቈጣም ይቈጣ። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙት መፈተሻ ካቻቪቴ ዋጋው ከአንድ የጊታር ክር አይበልጥምና በጊታራችሁ ከረጢት ውስጥ ይኑር።

ስለ ፔዳል የምለው ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው ስለ ናቅሁት አይደለም። የሻካራው ድምፅ ታሪክ ራሱ አስደሳች ነው። በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ በአንድ ስቱዲዮ ውስጥ ማርቲ ሮቢንስ የተባለው ዘፋኝ ሲቀዳ የሚክሰሩ አንድ መስመር ተበላሽቶ የባስ ጊታሩን ድምፅ አሻከረው። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1961 ወጥቶ ተወደደ። የድምፅ ቀጂው ግሌን ስኖዲ ያንን ብልሽት ሆን ብሎ የሚሠራ ወረዳ ነደፈ፤ በ1962 ማኤስትሮ ፈዝ ቶን ተብሎ ለገበያ ወጣ። በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ ከተጠቀሙበት በኋላ ደግሞ ስሙ በዓለም ተሰማ። የእኛም ሙዚቃ ብዙ አልዘገየም፤ ሙላቱ አስታጥቄ በ1974 በአምሐ ሬኮርድስ ባወጣው «ኢትዮ ጃዝ» ውስጥ ያለውን «የከርሞ ሰው» ያዳመጠ ሰው ሻካራ ጊታር ከቅኝታችን ጋር እንዴት እንደሚስማማ ይሰማል።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ቁም ነገር አለ። ያ የመጀመሪያው ፔዳል በውስጡ የነበረው ሦስት ትራንዚስተርና ጥቂት ቁርጥራጭ ነው። ከ1979 ጀምሮ የታወቀው አረንጓዴው የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመርም ውስጡ ብዙ የለበትም፤ ሥዕሉ ለሁሉም የታወቀ ስለሆነ በዓለም ላይ እየተቀዳ ይሠራል። ርካሹ ቅጂ ከዋናው የሚለየው ብዙውን ጊዜ በሣጥኑ፣ በእግር መርገጫውና በመሰኪያው ጥንካሬ እንጂ በድምፁ አይደለም። እንግዲህ ርካሽ ፔዳል ግዙ ስል የማላፍረው ስለዚህ ነው። መርገጫው ቢሰበር መበየጃ የያዘ ሰው ይቀይረዋል።

የመጀመሪያው ፔዳል ድምፅ የማያወጣው ይሁን፤ ይኸውም መቃኛው ነው። ከመድረክ ብርሃን ሥር ክር ይረግባል፤ የረገበ ጊታርን ደግሞ ማጉያው ስሕተቱን አጉልቶ ያሰማዋል። በተለይ የእኛ ዜማ አምስት ድምፅ ብቻ ስላለው አንዱ ሲጎድል መደበቂያ የለውም።

ሁለተኛው ለስለስ ያለ ማሻከሪያ፣ ሦስተኛው ደግሞ የገደል ማሚቶውን ድምፅ የሚሰጠው፣ ዲሌይ የምንለው ቢሆን ደስ ይለኛል። በእነዚህ በሁለቱ ላይ ግን የቅኝታችንን ጠባይ ሳያውቁ መግዛት ያሳዝናል፤ የውጭ መጽሔቶች ስለዚህ አይጽፉልንምና ጥቂት ልቆይበት።

ማሻከሪያ ሁለት ድምፆች አብረው ሲገቡበት ከሁለቱ ሌላ የድምራቸውንና የልዩነታቸውን ድምፅ ይፈጥራል። ዶ ከላይኛው ዶ ጋር፣ ወይም ዶ ከሶል ጋር ሲመታ እነዚህ ተጨማሪዎች ከዋናዎቹ ጋር ይስማማሉ፤ ድምፁ ይወፍራል። በግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ሁለት ድምፆች ሲገናኙ ግን ይጋጫሉ፤ ይንጫጫሉ። ትዝታን በሰፊው ቅኝቱ፣ ማለት በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስንጫወት በመካከሉ ግማሽ ድምፅ ስለሌለ ማሻከሪያውም ሆነ ዲሌዩ ይታገሡናል። ያለፈው ድምፅ ከሚመጣው ጋር ቢደራረብ እንኳ ጆሮ አይሰቀጠጥም። አንቺ ሆዬ ላይ ስንደርስ ግን ዶ ከሬ ፍላት፣ ፋ ከሶል ፍላት ጎን ለጎን ይቆማሉ። ዲሌዩ የዶን ድምፅ እያስተጋባ ሳለ ሬ ፍላትን ብንመታ ሁለቱ አብረው ይሰማሉ፤ ከዚያ በፊት ማሻከሪያው ከዲሌዩ በኋላ ተሰክቶ ከሆነ ውጤቱ አይጣል ነው። አምባሰልም ዶና ሬ ፍላት፣ ሶልና ላ ፍላት ስላሉት ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ለእነዚህ ቅኝቶች ምላሹን ወደ አንድ ወይም ሁለት ድግግሞሽ ዝቅ የሚያደርግ፣ የማስተጋቢያው መጠንም ለብቻው የሚመጠን ዲሌይ ያስፈልጋል። ሁለቱ ቁልፎች የሌሉበትን፣ ቢያምርም ቢረክስም፣ ተዉት።

ስለ ጊዜውም እንዲሁ። ችክችካችን በስድስት ስምንተኛ ምት የሚሄድ ነው። ዋናው ምት በደቂቃ 120 ቢሆን በሁለት ምቶች መካከል 500 ሚሊሰከንድ አለ፤ ሦስቱ ትንንሽ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 167 ያህል ይሆናሉ። ዲሌዩን በ500 ብናስቀምጠው ማስተጋባቱ በከበሮው ላይ ተደርቦ ይጠፋል፤ ምዕራባውያን እንደ ልማዳቸው የምቱን ግማሽ 250 ቢያደርጉት ደግሞ ከእስክስታው ጋር ይጣላል። 333 ላይ፣ ማለት በሦስተኛው ትንሽ ክፍል ላይ፣ ብናሳርፈው ግን ዜማው ራሱ የሚወዛወዝ ይመስላል። ጊዜውን በእግር እየረገጡ የሚያስገቡበት፣ ወይም ቍጥሩን የሚያሳይ ዲሌይ ጥቂት ጨምሮ መግዛት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን በቤታችሁ ሞክሩት።

ዋህ ዋህ አራተኛ ሊሆን ይችላል፤ የድሮ ዘፈኖች ለሚጫወት ሰው ያስፈልገዋል። ሌላውን ሁሉ፣ ኮረሱን፣ ፌዘሩን፣ ፍላንጀሩን፣ በማጉያው ውስጥ ካለ እዚያው ተጠቀሙበት። በየሌሊቱ የአርባ ዓመት ዘፈኖች እያፈራረቁ ለሚጫወቱ የሆቴል ቡድን አባላት ደግሞ እንደ ዙም ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሩት አንድ ባለ ብዙ ድምፅ ዲጂታል ፔዳል ከአራት ነጠላዎች ይልቅ ይረክሳል፤ መቃኛውም፣ የስፒከር ማጣሪያውም በውስጡ ስላለ ማጉያ በሌለበት ቦታ ያድናል። ጉድለቱ አንዱ ሲበላሽ ሁሉም ዝም ማለቱ ነው፤ በጨለማም ትንሿን መስኮት ማንበብ ለእኔ ዕድሜ አስቸጋሪ ሆኗል።

ፔዳሎቹ የሚሰኩት ከጊታሩ ጀምሮ ዋህ ዋህ፣ ቀጥሎ ማሻከሪያ፣ በመጨረሻ ዲሌይ ሆነው ነው። መጋቢያቸው አብዛኛውን ጊዜ 9 ቮልት፣ የመሰኪያው መካከል ኔጌቲቭ የሆነ ነው። የኪቦርድ መጋቢያ ቮልቱ ቢገጥም እንኳ ብዙ ጊዜ መካከሉ ፖዚቲቭ ስለሆነ መከላከያ የሌለውን ፔዳል በአንድ ቅጽበት ይገድለዋል። ማሻከሪያ ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ሲስብ ዲጂታሉ ከመቶ በላይ ሊወስድ ስለሚችል ድምራቸው ከመጋቢያው ዐቅም እንዳይበልጥ ቍጠሩ። በባትሪ የምትሠሩ ደግሞ ገመዱን ከፔዳሉ መግቢያ ሳትነቅሉ አትተኙ፤ ገመዱ እስካለ ድረስ ባትሪው ይፈስሳል።

አንድ ሰው መቶ ብር አለው ብንልና ብንከፍለው፣ ስድሳ አምስቱን ለማጉያው፣ ዐሥሩን ለስታቢላይዘርና ለደኅና የሶኬት ገመድ፣ ዐሥሩን ለጊታር ገመዶች፣ የቀረውን ዐሥራ አምስት ለፔዳል ባደርገው ባይ ነኝ። ይህ የእኔ ሚዛን ነው፤ ሌላው በሌላ ይመዝነው።

ያ ወጣት እንዴት ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ከሰባቱ ፔዳሎች አራቱን ለጓደኞቹ ሸጠ፤ በገንዘቡ ላይ ጥቂት ብድር ጨምሮ አንድ ያገለገለ ባለ 12 ኢንች የትራንዚስተር ማጉያ አገኘ። አብረን ሄደን ስናየው ጀርባው 230 ይላል፤ ቁልፎቹ ሁሉ ግን ይንኮሻኮሹ ስለነበር ሻጩ ዋጋውን ቀነሰለት። እቤቴ ከፍተን ከግማሽ ቀን በላይ ስናጸዳው ዋልን። የቀጭኑ ድምፅ ቁልፍ አንዱ ግን እንቢ ብሎ ዛሬም ይንኮሻኮሻል፤ እርሱም አንድ ቦታ ላይ አቁሞት አይነካውም። መቃኛውን፣ ማሻከሪያውንና ዲሌዩን አስቀርቷል። ያንኑ ማጉያ ለዛሬ አውሶኝ ከወዲያ ጥግ አቁሜዋለሁና 333 ሚሊሰከንድ ምን እንደሚመስል ለመስማት የሚፈልግ ከሻይ በኋላ ይምጣ።